ቅጠል የሌላት ማርጠብ

መስከረም 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፤

ይህ ወረቀት ደጅሽ ሲደርስ በሙሉ ጤናና ከነሳቅሽ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ከጉልበቴ፣ ከእናትሽ ጥርስና ከጣሪያው በስተቀር የሚያጉረመርም የለም። እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክር ታጠነጥናለች። «አስቀድመህ ሰላም በልልኝ፣ ቀጥለህ ወፍራም ካልሲ ታድርግ በልልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ።

አሁን ወሬውን ስሚ። ክልላችን አበባ ሊመርጥ ነው። ጎረቤቶቻችን ነጩን የውሃ ዳር አበባ ማኅተማቸው ላይ አድርገውታል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ደግሞ ቢጫውን እሾሃም ወስደው በተማሪው ሁሉ ደረት ኪስ ላይ አስጠልፈውታል። የኛዎቹ ሹማምንት ይህን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሰው በአበባ ሲቀደም እንዲህ እንደሚቆጭ አላውቅም ነበር። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ሁለት ወር ሙሉ ተነታረኩ። ጽጌረዳ ቢባል «በየሆቴሉ በራፍ አለ» ተብሎ ወደቀ። ሱፍ ቢባል «ዘይት ነው እንጂ አበባ ነው?» ተብሎ ወደቀ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ደም ግፊቱን ሊለካ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አየ። ማርጠብን። ያቺን ዝናቡ ሲያባራ በድንጋይ ካባው ገደል ላይ ቀይ ሆና የምትወጣውን፣ ሁላችንም በልጅነታችን ጭራዋን መጥጠን ማሯን የጨረስነውን። በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ይችን ሳይመጥጥ ያደገ የዚህ አገር ሰው ካለ እጁን ያውጣ» አለ አሉ። ማንም አላወጣም፤ በጭብጨባ አለፈ። ሥዕሉም አብሮ አለፈ። ማኅተሙ ላይ፣ የመኪናው ታርጋ ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ራስጌ ላይ፣ የተማሪው ኪስ ላይ ሊሆን ነው። አዋጁ ጥር 20 ቀን ይነበባል።

ሥዕሉ ታች ጥግ ላይ ያለው የሰዓሊ ስም የኔ ነው። እናትሽ «የወንድሜ አበባ» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች። ፀሐይ የማይለውጠው ቀይ ቀለም እዚያ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የኔው በሦስት ወር ብርቱካን ይሆናል።

አጎትሽ፣ የታርጋና የማስታወቂያ ጸሐፊው

(በቢጫው ወረቀት)

ጭራሮ፣ ይህችን የምጽፈው ሱቄ ውስጥ ከመሰላሉ ኋላ ቆሜ ነው። ደንባችንን አትርሺ፤ ነጩን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ቢጫው የኔና ያንቺ ነው። ስልክ እንዳትይኝ፤ ገና «ሃሎ» ሳልል እናትሽ ነጥቃኝ ታወራለች።

ሥዕሉ የማን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ ሱቄ እየዋልሽ የሣልሽው ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ «የሰዓሊ ሥራ እፈልጋለሁ» ሲለኝ የልጅ ሥራ ነው ብለው እንዳይመልሱት ሰጋሁና ስሜን ጻፍኩበት። በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ያ «በኋላ» አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው። አሁን ሌብነቴ ማኅተም ሊሆን ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ደግሞ ያው የምታውቂው ነው። የሥዕል ትምህርቱን ካቋረጥሽ አራት ዓመት ሆነ፤ በየደብዳቤሽ መሀል እየፈጠርኩ ለእናትሽ የማነብላት ሥዕሎችሽ ግን እየበዙ ሄዱ። ባለፈው «የዓሣ አጥማጆቹን ሥዕል ለአንድ ሐኪም ሸጠች» ብዬ አነበብኩላት። አሁን ስንት ዓሣ አለበት ብላ አፋጥጣኛለች።

ሦስተኛው፦ ማኅተም ቀራጩ ቅጠሉን በቅርብ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ካባው ድረስ መሰላል ተሸክሜ ሄድኩ። ማርጠብ ገደሉን አልብሳዋለች፤ አንቺ የሣልሽው ዓይነት ሰፊ ቅጠል ግን አንድም የለም። ከምን አይተሽ ነው የሣልሽው? ቶሎ መልሺልኝ፤ በአንድ እግሬ ነው የቆምኩት።

&nbsp;

ጥቅምት 29

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

የእግር መንገድ ቢሆን ኖሮ በራሴ መጥቼ ጉልበትዎን የምስመው ሰላምታ ይኸው በወረቀት መጣ። እማዬ፣ ካልሲው ወፍራም ነው፣ ሁለት ደርቤያለሁ፣ አታስቢ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። አሁን የምኖረው ከብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነፋ ስለምሰማ አንዳንዴ እኔም አብሬ የምነፋ ይመስለኛል። ሥራም ደህና ነው። ስለ አበባው በጣም ደስ ብሎኛል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ቀዩን ቀለም ፈልጌ እልካለሁ።

የዘገየሁት ቤት ስቀይር ነው።

ልጅዎ

(በቢጫው)

ጋሼ፣ የዘገየሁት ቤት ስቀይር አይደለም። ደብዳቤዎ የሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከረመ። በእረፍት ሰዓት አወጣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ወረቀቱ እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

በእርስዎ ስም ይቅር። ምን ችግር አለው? የልጅ ጨዋታ ነበር፤ ወረቀቱም ቀለሙም የእርስዎ ነው። ስሜ ከተነሳ የት ነች፣ ምን ትሠራለች ይባላል፤ ያ ወሬ ደግሞ መጨረሻው እማዬ ጆሮ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቄ መባረሬን ከምትሰማ ዕድሜ ልክ የእርስዎ ሥዕል ቢሆን እመርጣለሁ። የቅጠሉን ነገር አላስታውስም።

ደግሞ እባክዎ ሥዕል መሸጥዎን ቀነስ ያድርጉ። ዓሦቹ አራት ናቸው ይበሏትና በዚህ ያብቁ።

&nbsp;

ኅዳር 18

ለጭራሮዬ፤

ሰላምና ጤና በያለሽበት ይቅደምሽ፤ እንቅልፍም አብሮ ይምጣ፣ ጽሑፍሽ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጽሑፍ ይመስላልና። እናትሽ ይህን ስነግራት «እንዴት በጽሑፍ ይታወቃል?» ብላ እስካሁን ደብዳቤሽን ወደ መስኮቱ አዙራ ታያለች።

የኮሌጁ የዕጽዋት አስተማሪ የኮሚቴው አባል ናት። ባለፈው ሳምንት አጉሊ መነጽሯን አንጠልጥላ ከቤት መጣችና «ይችን ቅጠል ከነሕይወቷ ያሳዩኝ» አለችኝ። ቦቲ ጫማ አድርጋለች፤ እኔ ነጠላ ጫማዬን። ጠዋቱን ሙሉ ካባውን ላይ ታች ስንል ዋልን። ድንጋይ ፈላጮቹ «ምን ጠፋባችሁ?» ሲሉን እሷ «ቅጠል» አለቻቸው። አንዱ «ይኸው!» ብሎ የሸንኮራ ልጣጭ አቀበላት። እናትሽ ይህን ስሰማ ሆዴን ያዘኝ ብላ እየሳቀች ነው።

ቀዩ ቀለም ይቆይ። አሁን የሚያስፈልገኝ አጉሊ መነጽር ነው፤ ሰው ሁሉ በመነጽር ሲያየኝ እኔ በባዶ ዓይን መቅረቴ ደግ አይደለም።

አጎትሽ

(በቢጫው)

ሳቁን ለእናትሽ የጻፍኩት ነው። አስተማሪዋ አልሳቀችም። የማርጠብ አበባ ረግፎ ነበር፤ ተክሉ ላይ የቀረው እንደ መርፌ የቀጠነ ቅጠል ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና እንዲህ አለችኝ፦ «ማርጠብ ስታብብ ቅጠል የላትም። ቅጠሏ የሚወጣው አበባዋ ከረገፈ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰፊ ቅጠል አጥር ላይ የሚሳበው ሐረግ ነው። ጋሼ፣ ሁለት ተክል በአንድ ዘንግ ላይ ሰክተው ነው የሣሉት። የወንዝ ማዶዎቹ ይህን ቢያዩ ለስንት ዓመት እንደሚስቁብን አስበዋል?»

ምን ልበላት? «ያኔ ነበር፣ ረግፎ ይሆናል» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ በጠራራ ፀሐይ ዋሸሁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። «ወይ እርስዎ ለኮሚቴው ይንገሩ፣ ወይ እኔ እነግራለሁ» ብላ ሄደች።

ጭራሮ፣ ደክሞኛል። አንዱን ውሸት ስደግፍ ሌላው ይዘምብኛል። የሣለችው እሷ ናት ብዬ ብገላገል ምን ይመስልሻል? አንቺው ደግሞ አስተካክለሽ አንድ ሣዪልኝ። ትምህርቱ ቢቀር እጁ አይቀርም መቼም።

&nbsp;

ታኅሣሥ 6

ለውድ አጎቴና ለእናቴ፤

ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለጣሪያው። ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል፤ በዚህ ወር አበባ የማይገዛ ሰው የለም። አጉሊ መነጽሩን ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

ልጅዎ

(በቢጫው)

አይሆንም። ጋሼ፣ በእናቴ ይሁንብዎ፣ ስሜን እንዳያነሱ። አንድም አልሥልም። እርሳስ ከያዝኩ አራት ዓመቴ ነው፤ እርሳስ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ እንኳን መንገድ እሻገራለሁ።

ቅጠሉ ግን ትዝ ብሎኛል። ትዝ ካለኝ ቆይቷል፤ ባለፈው አላስታውስም ያልኩዎ ውሸቴን ነው። የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሞልተው አንድ ማርጠብ አስቀመጡልኝና ሰሌዳ ሊሰቅሉ ወጡ። ብቻዋን ሳያት አንጀቴን በላችው። ያን የሚያህል ቀይ ጭንቅላት ተሸክማ፣ ታች አንድ እንኳን የለበሰችው ነገር የለም። የበረዳት መሰለኝ። ወጣሁና ከሽንት ቤቱ አጥር ላይ ሁለት ቅጠል ቆርጬ ብርጭቆው ውስጥ ጨመርኩላት፤ ዘንጉ ላይ ደገፍ አደረግኋቸው። ከዚያ ያየሁትን ሣልኩ። አልዋሸሁም፣ አለበስኳት እንጂ።

ቅጠሉን ይደምስሱት። ነጭ ቀለም ቀብተው አበባዋን ብቻ ያስቀሩ፤ ሁሉም ነገር በዚያው ያልቃል። እኔን ግን ይተዉኝ። እባክዎ።

&nbsp;

ታኅሣሥ 24

ለልጃችን፣ ለሰዓሊዋ፤

ይህን ደብዳቤ የምታስጽፈኝ እናትሽ ናት፤ ሰላምታዋ ከኔ ረዝሞ ገጹን እንዳይጨርሰው ብዬ አሳጥሬዋለሁ። ጤናሽን፣ እንጀራሽን፣ ደረጃሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ ብላለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ከነመኪናው ደጃችን መጥቶ ነበር። ሥዕሉን የሣልሽው አንቺ መሆንሽ ታውቋል። ለጥር 20 መጥተሽ በሕዝብ ፊት እንድትፈርሚበት፣ መምጣት ካልሆነልሽም በእጅሽ አዲስ ሥለሽ እንድትልኪ ክልሉ ይጠይቅሻል። እናትሽ ክፍልሽን ኖራ እየቀባች ነው።

እኔን ለአንድ ቀን ተኩል አኩርፋኝ ነበር። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኔ እኮ ያኔውኑ ገብቶኛል። አንተ አበባ ስትሥል ጎማ ነው የሚመስለው።»

አጎትሽና እናትሽ

(በቢጫው)

እንዳትረግሚኝ፤ አስቀድመሽ ስሚኝ።

አስተማሪዋ ከምትቀድመኝ ብዬ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። «ቅጠሉ ውሸት ነው፤ ማርጠብ ስታብብ ቅጠል የላትም» አልኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ «ታዲያ ራቁቷን ልናውጃት ነው?» አለ።

የበጀት ኃላፊው ቀጠለ፦ «ቅጠል የሌለው አበባ ማኅተም ላይ ካደረግን ክልሉ ድርቅ የመታው ይመስላል። ማን መጥቶ ይሠራል?»

ሌላው፦ «የወንዝ ማዶዎቹ አበባ ባለ ሁለት ቅጠል ነው። እኛ አንድም አይኑረን?»

አስተማሪዋ ብድግ አለች። «ተክል በድምፅ ብልጫ ቅጠል አያወጣም!»

«የክልል አበባ ያወጣል» አለ ሰብሳቢው። «ጋሼ፣ ቅጠሉ ባለበት ይቆይ። እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ስምዎ ከነክብሩ ታች ይጻፋል።»

በቃ፣ ነገሩ እንዲህ ቀሎ ተገኘ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ለምን እንዳልሆነልኝ አላውቅም፤ አንቺ ያለበስሻትን እነሱ ለገጽታ ሲያውሉት ማየት አልቻልኩም። «ሥዕሉ የኔ አይደለም» አልኩ። «የእህቴ ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቷ የሣለችው ነው፤ በረዳት ብላ ነው ቅጠሉን ያደረገችላት።» እሰደባለሁ፣ እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ አጨበጨቡ! ሰብሳቢው፦ «ያቺ ውጭ አገር ሥዕል የምትሸጠው? ዓሣ አጥማጆቹን ለሐኪም የሸጠችው?» አለ። ለካ እናትሽ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ለሰብሳቢው ሚስት አጫውታታለች።

እኔው የፈጠርኳቸው ዓሦች ናቸው አንቺን የበሉሽ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳን ፊት የለኝም። ከነቅጠሏ አንድ ሥለሽ ልትልኪ፣ እናትሽም ዕድሜዋን በደስታ ልትጨርስ ትችላለች። አልችልም ካልሽም ታማለች እላለሁ፤ የትኛውን እንደምዋሽ ብቻ ንገሪኝ። እሷ ኖራዋን እየቀባች ስታንጎራጉር ስሰማ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ሱቅም ስደርስ መልሼ እወጣለሁ።

&nbsp;

ጥር 7

ጋሼ፤

ዛሬ ቢጫ ወረቀት የለም። ይህን ለእማዬ ጮክ ብለው ያንብቡላት። ምንም አይጨምሩ፤ ምንም አይቀንሱ።

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ሰዓሊ አይደለሁም።

ትምህርቱን የተውኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ተውኩ ማለትም ለራሴ ማድላት ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ አስወጥተውኛል። ጋሼ ያነበቡልሽ ሥዕሎች በሙሉ የሉም። ሐኪሙም የለም። እሳቸውን አትቆጪያቸው፤ «እንዳይነግሯት» ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ያንቺን ፊት አይተው ጨካኝ መሆን አቃታቸው እንጂ።

የምሠራውን ልንገርሽ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ አዳራሽ አለ። አበባው ቶሎ እንዳይፈነዳ ውስጡን እንደ ማቀዝቀዣ ያበርዱታል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንገባለን። በሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ አበባ ይመጣል፤ እኔ ዘንጉን በግራ እጄ ከአንገቱ በታች እይዛለሁ፣ በቀኝ አውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቅጠሉን ከመሀል ወደ ታች እልጠዋለሁ። ቅጠል ውሃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል፣ አበባውንም ይገድለዋል። በቀን ሦስት ሺህ ዘንግ እልጣለሁ። ቅጠሉ እግሬ ሥር እየተከመረ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ ማታ ጠራርገው ይወስዱታል። ተቆጣጣሪያችን ደህና ሰው ናት፤ ስትቆጣ ታፏጫለች እንጂ አትሳደብም። እዚያ ካሉት ሁሉ ፈጣኗ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ትንሽ ያኮራኛል።

በአራት ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ጎረቤት ሲለምደኝ «ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል፤ ላንቺ የዋሸሁትን ለእሱ እውነቱን መናገር ስለማይሆንልኝ ዕቃዬን እሸክፋለሁ። ደክሞኛል እማዬ። አንቺ ለማታውቂው ሰው ኖራ ስትቀቢ እየታየኝ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ስል ሰነበትኩ።

ኮሚቴው ላዘዘኝ መልሴ ይኸው። ትናንት ከሥራ ስመለስ የአበባ ካርቶን ክዳን ይዤ መጣሁ። ከብስክሌት ጠጋኙ ጎማ የሚያመለክትበትን ቀይ እርሳስ ተዋስኩ። ማርጠብን ሣልኳት፣ ያለ ቅጠል። ካልወደዷት ይተዉአት። ጋሼ፣ ሰዓሊ ናት እንዳይሏቸው። ታች ስሜን ጽፌያለሁ፤ ከስሜ ሥር ሥራዬን ጽፌያለሁ፦ ቅጠል መላጭ።

ልጅሽ

&nbsp;

ጥር 27

ለልጃችን፤

ጤና ይስጥልን። ጉልበቴንም ጣሪያውንም ዛሬ ተያቸው።

ደብዳቤሽ ጥር 18 ደረሰ። አስቀድሜ ለብቻዬ አነበብኩት። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ኪሴ ከትቼ ከራሴ ሌላ ደብዳቤ ላነብላት ነበር። ልማድ ክፉ ነው። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ «ሰላምሽ ይብዛ» አልኩና ቆምኩ።

«ምነው? ዛሬ መፍጠር አቃተህ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ማንበብ ባልችል ቀለም መለየት ያቅተኛል?» አለች። «ነጩ አንድ ቅጠል ሆኖ አንተ ግማሽ ሰዓት ታነባለህ። ቢጫውን ኪስህ ስትከት ሁልጊዜ አያለሁ። በል ያለውን ብቻ አንብብ።»

አነበብኩ። ምንም አልጨመርኩም። «ሐኪሙም የለም» ያልሽው ላይ ስደርስ ተነስታ ወጣች፤ የኖራ ብሩሿን ስታጥብ፣ ደጋግማ ስታጥብ ሰማኋት። ተመልሳ መጣችና «ካቆምክበት ቀጥል» አለች። ጨረስኩ። እናትሽ ተቆጣች ጭራሮ። እንዲህ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። «አራት ዓመት ሁለታችሁ ተባብራችሁ ሞኝ አደረጋችሁኝ፤ ስለማላውቀው ዓሣ ሳወራ አስከረማችሁኝ» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የኔ ለቅሶ ነገሩን አላባባሰውም፣ አላሻለውምም።

በማግስቱ ካርቶንሽን ይዤ ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። አስተማሪዋ ተቀብላ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ሰብሳቢው ከስምሽ ሥር ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ቅጠል መላጭ»። በጀት ኃላፊው ሳቀ፣ ሌላ ማንም ስላልሳቀ ግን አቆመ። «ሰዓሊ ናት ብለውን አልነበረም?» አለኝ ሰብሳቢው። «ዋሽቼ ነው። አበባ ፋብሪካ ውስጥ ቅጠል ትልጣለች፤ በቀን ሦስት ሺህ» አልኩ። ያኔ አስተማሪዋ፣ «የትኛው አበባ ቅጠል እንዳለው ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ ክፍል ካለ እጁን ያውጣ» አለች። ድምፅ ተሰጠ። አራት ለሦስት ተሸነፍን። ማኅተሙ ከነቅጠሉ ወጣ፤ ጥር 20 ቀን ባንዲራው ላይ ሲውለበለብ አየሁት። ታች ስም የለበትም። የወንዝ ማዶዎቹ እስካሁን አልሳቁም፤ አላስተዋሉ ይሆናል። ካርቶኑን አስተማሪዋ ለክፍሏ ፈልጋው ነበር፣ እናትሽ ግን አልሰጥም አለች።

እኔ አልቆጨኝም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ቆጭቶኛል። ግን በዚህ ሳምንት ሱቄ ስገባ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ቤትም ስገባ እንደዚያው።

በይ አሁን እናትሽ ትከሻዬ ላይ ቆማለች። የምትለውን ቃል በቃል ጻፍ ተብያለሁ፤ ጨርሼ መልሼ እንዳነብላትም ታዝዣለሁ።

«ልጄ፣ ቁጣዬ እንዳለ ነው፤ ስትመጪ በአካል ትቀበይዋለሽ። እኔ ከሰዓሊ ጋር ምን እንደሚወራ አላውቅበትም ነበር። ወንድሜ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን ብዬ ልጠይቃት እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ፤ ሲጠፋኝ ካልሲ አድርጊ እላለሁ። አሁን የምጠይቅሽ አገኘሁ። ጓንት ይሰጧችኋል? እሾሁ ጓንቱን አልፎ ይወጋሻል? ብርዱ ጣትሽን ያደነዝዘዋል? ሦስት ሺሁን ስትልጪ ቆመሽ ነው ወይስ ያስቀምጡሻል?»